ለጭንቅላታችሁ አንድ ቀን ፍቃድ ስትወስዱ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ሰዎች

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው ምሰራው፣ ቤቴ ደሴ ነው፣ ጠዋት የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ሀረጎን እወጣለሁ። የዛሬ ሁለት አመት ሰኔ ላይ በጀት መዝጊያው ደርሶ ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ። ትኩሳት የለ ምን የለ፣ ግን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ፣ ማታ ደሞ እናቴ ጨው አቀብዪኝ ስትለኝ አለቀስኩ። በጨው! በነጋታው ለአለቃዬ ደውዬ ምን ብል ጥሩ ነው፣ «አክስቴ አርፋብኝ ነው»።

ወሎ ተቀምጦ እንዲህ አይነት ውሸት ሚዋሽ ሰው እኔን ብቻ ነው ያየሁት። ዘጠኝ ሰአት ላይ የክፍላችን ሰው በሙሉ በሰርቪስ መኪና ተጭኖ፣ ብር አዋጥቶ፣ ገሚሱ ነጠላውን ዘቅዝቆ በራችን ላይ ቆመ። በሩን የከፈተችው ማን መሰላችሁ? አክስቴ። ጀበና ይዛ። ማን ሞቶ ነው ልጆቼ ብትላቸው የራሷን ስም ነገሯት። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ብሩ ተመለሰ፣ ቡናው ተጠጣ፣ እሷ ግን እስካሁን ስትጠራኝ «ገዳዬ» ነው ምትለኝ።

ስለዚህ እባካችሁ ሰው አትግደሉ። መዋሸት ሚያስፈልገው የሌላ ሰው ነገር ስትወስዱ ነው፣ ፍቃዱ ግን የናንተው ነው። ግል ድርጅት ውስጥ ላለን የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለት ነው፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት አመት 16 የስራ ቀን ይሰጣል፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። መንግስት ቤት ያላችሁ በሌላ ህግ ስለምትተዳደሩ የሰው ሃብት ክፍላችሁን ጠይቁ። የህመም ፍቃድ ደሞ ሌላ ነው፣ እሱ የሀኪም ወረቀት ይፈልጋል፣ ወረቀቱ ካለ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዛ በኋላ ያለው ሶስት ወር ያለ ደሞዝ ነው። ድብርትም በሽታ ነው፣ ሀኪም ከጻፈው ወረቀት ወረቀት ነው። ግን እንዲሁ ለደከመው ሰው ለአንድ ቀን ብሎ ሆስፒታል ከመሰለፍ ከአመት ፍቃድ ላይ ቆርጦ መውሰዱ ይቀላል። ዝም ብሎ መቅረቱን ተዉት፣ በጽሁፍ እያስጠነቀቋችሁ በ6 ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት 5 ቀን ከቀራችሁ አሰናባች ነው።

አለቃን ምን ልበለው ለምትሉ፣ «ጋሼ፣ ማክሰኞን ከአመት ፍቃዴ ላይ አንድ ቀን ልውሰድ፣ የግል ጉዳይ አለኝ»። በቃ። ምን ጉዳይ ካለ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው በሉት። ሚበላሸው ማብራራት ስትጀምሩ ነው፣ እኛ ጋ ጭንቅላቴን ደክሞኛል ስትሉ ሰሚው ቀጥ ብሎ አማኑኤል ሆስፒታል ነው ሚወስዳችሁ፣ ያን ለመቀየር መታገል ጥሩ ነው ግን የእረፍት ቀናችሁ ላይ አይደለም ምትታገሉት። ሁለት ሶስት ቀን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ስራ ለማን እንደምትሰጡም አብራችሁ ተናገሩ፣ አለቃ ሚፈራው የናንተን መቅረት ሳይሆን ስልኩ መጮሁን ነው። አስተማሪ የሆነች ጓደኛዬ ክፍለ ጊዜዋን ከሌላ አስተማሪ ጋ ተቀያይራ ነው ምታደርገው። ሱቅ ያላችሁ ደሞ፣ ወላሂ ለናንተ ከባድ ነው፣ ቢያንስ ከሰአቱን ዝጉ።

ቀን ስትመርጡ ሰኞን ተዉት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፣ ታክሲም የለ ሰላምም የለ። አርብ ደሞ ከቅዳሜና እሁድ ጋ ይገጥምና «እንግዲህ ሶስት ቀን ካለሽ ገጠር ደርሰሽ ነይ» ይመጣል። ማክሰኞ ሸጋ ነው። ረቡእም ጥሩ ነበር፣ ግን ጾም ምትይዙ ሰዎች አሳው ያመልጣችኋል፣ ወደ አሳው እመጣለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀኑን ማግኘት ቀላል ነው፣ አለመበላቱ ነው ከባዱ። ሁለተኛ ጊዜ ፍቃድ ስወስድ በትክክል ጠይቄ፣ ተፈቅዶልኝ፣ ቤት ተኛሁ። ሁለት ሰአት ላይ እናቴ «ካልሄድሽማ ያቺን በርበሬ ወፍጮ አድርሺልኝ»። አራት ሰአት ላይ ጎረቤት «ምነው ከስራ ቀረሽ፣ ቡና ነይ»። ሄድኩ፣ እጣን ተጫጫሰ፣ አቦል ወረደ፣ ቶና ወረደ፣ በረካ ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው፣ መሀል ላይ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ሰማሁ፣ ሰባት ሰአት ሆነ። ከሰአት አጎቴ የስልኩን ቴሌግራም አስተካክዪልኝ ብሎ መጣ። ማታ ከስራ ቀን በላይ ደክሞኝ ተኛሁ፣ በርበሬው ብቻ ነው የተሳካው።

ቡናውን እየጠላሁ እንዳይመስላችሁ። ለብቻው ሆኖ ለሚጨነቅ ሰው፣ በተለይ ከሌላ አገር ለስራ መጥቶ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ የወሎ ቡና ላይ ሶስቱንም ዙር እየጠጣ መዋል ከየትኛውም ሽርሽር ይበልጣል። ስለዚህ ፍቃዱን ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ያደከመኝ ሰው ነው ወይስ ሰው ማጣት ነው? ሰው ማጣት ከሆነ ቤት ዋሉና በራችሁን ክፈቱ። ሰው ከሆነ ግን እናንተን ሚያሳርፍ ቤት ደሴ ውስጥ የለም፣ እንደ ስራ ቀን ልበሱና በጠዋት ውጡ። እኔ አሁን ለእናቴም አልነግራትም፣ ምሳዬን ቋጥራ ነው ምትሸኘኝ፣ ይሄ ውሸት ነው ካላችሁ ቢያንስ ማንም አልሞተበትም።

ሀይቅ ነው ምሄደው። ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ አለ፣ ወደ ሰሜን በቦሩ ሜዳ በኩል 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከተማው ላይ ወርዳችሁ እስከ ውሃው በባጃጅ። በፊት ባለው ማታ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሰው ጠይቁ፣ ያለንበት ጊዜ ነው። ወንዶች ከሆናችሁ ሀይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት ትችላላችሁ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ነው፣ ድሮ ደሴት ነበር አሁን በየብስ ይገባል። ሴት አይገባም፣ እኔ ውሃው ይበቃኛል። ብቻ እንዳትዋኙ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ገና ከዳሩ ሳትርቁ ሊያሰምጣችሁ ይችላል።

እዛ ምን ይደረጋል? ምንም። ስልኩን ኤሮፕላን ሞድ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ። የመጀመሪያው አንድ ሰአት ያስጠላል፣ እውነቴን ነው፣ እጃችሁ ኪሳችሁን ይነካካል፣ ያልላካችሁት ሪፖርት ይታወሳችኋል፣ የዛሬ አምስት አመት የተናገራችሁት ነገር ትዝ ብሏችሁ ታፍራላችሁ፣ «ምን ልሰራ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው ተነስቶ ሚሄደው ወይ ቲክቶክ ሚከፍተው። አትነሱ። ሁለተኛው ሰአት ላይ ጭንቅላት ራሱ ይሰለቸውና ዝም ይላል፣ ታንኳ ሲያልፍ ታያላችሁ፣ ወፍ ትሰማላችሁ፣ ርሃብ ራሱ በወጉ ይመጣል። ያኔ አሳ ጥብስ ታዛላችሁ፣ በሚጥሚጣ።

ሀይቅ ድረስ መሄጃ የሌላችሁ በጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ጥግ በእግር ውጡ፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ደሴ ስር ትታያለች። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደሞ ቦርከና ወንዝ ዳር አትቀመጡ፣ ሽታው ሌላ ጭንቀት ነው። ጫት ለምትቅሙ ሰዎች፣ በርጫ እረፍት ነው ብላችሁ ቀኑን አትስጡት፣ የምርቃናው ሰአት ደስ ይላል ግን ማታ እንቅልፍ የለም፣ በነጋታው ስራ ላይ ካረፈ ሰው ይልቅ ለቅሶ ያደረ ነው ምትመስሉት።

አንድ ቀን ማይነካው ነገር ደሞ አለ። በ2014 ጥቅምት ቤታችንን ጥለን በእግር የወጣን ሰዎች ብዙ ነን፣ አሁንም በር ሲንኳኳ ሚደነግጥ ዘመድ አለኝ፣ እሱን ሀይቅ ወስጄ አሳ ባበላው አይድንም። ሁለት ሳምንት እና ከዛ በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ምትወዱት ነገር ሁሉ ምንም ካልመሰላችሁ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ እዛ ሂዱ። ዱአውም ጸበሉም ይቀጥል፣ የተሰጣችሁን መድሃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ልሙት ልሙት ሚል ሀሳብ ከመጣ ፍቃድ ምናምን አትጠብቁ፣ ብቻችሁን ውሃ ዳር አትሂዱ፣ የዛኑ እለት ለአንድ ሰው ንገሩና ሆስፒታል ይውሰዳችሁ።

መመለሻ ላይ እንዳይመሽባችሁ፣ አስር ሰአት ላይ ሚኒባስ ያዙ። ቴሌግራሙን እስከ ጠዋት አትክፈቱት፣ መቶ ምናምን ሜሴጅ ታገኛላችሁ፣ ዘጠናው «እሺ» ነው። ቢሮ ስትገቡ የት ነበርሽ ላላችሁ «አልሀምዱሊላህ አርፌ መጣሁ» ብላችሁ ኮምፒውተሩን ክፈቱ። እኔ ባለፈው ስመለስ አለቃዬ በሩ ላይ አገኘኝና ሳቁን ይዞ «አክስትሽስ እንዴት ናት?» አለኝ። ደህና ናት ጋሼ፣ አሳ ይዤላት ገብቼ ነበር አልኩት።