ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ቀስት ቁጠሩ

ትናንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡናዬን ይዤ የአንድ ጀልባ ማስያዣ ሲስተም ኮድ ስነካካ ዋልኩ። የክፍያውን ሞጁል (የኮዱን አንድ ክፍል) ትንሽ ባስተካክል የዘጌ ጉዞ ዝርዝር ብትንትኑ ወጣ። ለካ ሳልቆጥር ነው የገባሁት።

እናንተ ቁጠሩ። ሞጁሎቹን ወረቀት ላይ በሳጥን በሳጥን ሳሉ። አንዱ ሌላውን ኢምፖርት ካደረገ (ሊጠቀምበት ካስገባው)፣ ከእሱ ወደዚያኛው ቀስት አስምሩ። ከዚያ የየሳጥኑን ወጪ ቀስት ለወጪና ለገቢ ድምር አካፍሉ። (ብር አይደለም፣ ቀስት ነው የምላችሁ።) የእኔው ክፍያ 1 ወጪ፣ 4 ገቢ አለው፤ 1ን ለ5 ሳካፍል 0.2 መጣ። ወደ 0 የቀረበው ብዙዎች የተደገፉበት ነውና ቀስ ብላችሁ ንኩት። ወደ 1 የተጠጋውን እንደልባችሁ። ቀስቱ ዞሮ መነሻው ላይ ከተመለሰ ግን ሒሳቡን ተዉትና መጀመሪያ ያንን ዙር በጥሱ። የእኔ ተመልሶ ነበር፣ አፈርኩ።