ጥብቅ ጨፌን ከነዱር እንስሳቱ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ጨፌ፣ ማለትም አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ርጥብ ሆኖ የሚቆይ የሣር ምድር፣ በማጠር ብቻ አይጠበቅም። ሰው እጁን ጨርሶ ካነሣበት ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ እጁን ካበዛበትም ወደ ተራ ግጦሽ መሬት ይለወጣል።

ብዙዎች ሥራውን ወፍ በመቁጠር ይጀምራሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ውሃው ነው። ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ በተለያዩ ቦታዎች አንድ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቅበሩና ውሃው ከመሬቱ ወለል ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ በየ2 ሳምንቱ ለክተው ይመዝግቡ። ቦዮቹን ከመንካትዎ በፊት የአንድ ዓመት መዝገብ ቢኖርዎት ይመረጣል። ረጅም መንቁር ያላቸው የጨፌ ወፎች ትልና እጭ የሚለቅሙት መንቁራቸውን ለስላሳ አፈር ውስጥ እየሰደዱ ስለሆነ፣ አፈሩ ደርቆ ሲጠነክር ትሉ ወደ ታች ይሸሻል፣ መንቁሩም አይገባም። ይህን ለማወቅ አንድ እርሳስ ይበቃል፤ በጣት ሲጫኑት የማይገባበት መሬት ለእነዚህ ወፎች ገበታው የተነሣ ያህል ነው።

መዝገቡ ውሃው የሚሸሽበትን ቦታ ካሳየ፣ ጨፌውን ለማድረቅ የተቆፈሩትን አሮጌ ቦዮች በጣውላና በተጠቀጠቀ አፈር ይዝጉ። አንድ ትልቅ ግድብ ሲሰበር ሁሉም ነገር አብሮት ስለሚሄድ፣ ከቦዩ ራስ ጀምሮ ብዙ ትንንሽ እገዳዎችን መሥራት ይሻላል። ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ሊያመራ ስለሚችል ግን አስቀድመው ከባለመሬቶቹ ጋር ይስማሙ።

ሣሩ የሚታጨደው ጫጩቶች መብረር ከቻሉ በኋላ ነው። አጨዳው ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ፤ ከዳር ወደ መሃል ከታጨደ የሸሸው እንስሳ ሁሉ በመጨረሻዋ የሣር ቁራጭ ውስጥ ይከበባል። የታጨደውን እዚያው አይተዉት፤ ሲበሰብስ አፈሩን ስለሚያዳብር ፈጣን ሣሮች ብርቅዬዎቹን አበቦች ያፍኗቸዋል። ማዳበሪያም በዚሁ ምክንያት አያስፈልግም። ሁሉንም በአንድ ዓመት ማጨድም ስሕተት ነው፤ አጭር ሣር የሚወዱ ወፎች ቢኖሩም፣ በኢትዮጵያ ደጋ ጨፌዎችና በደቡብ አፍሪካ የምትራባው፣ ከምድር ልትጠፋ የተቃረበችው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የተባለችው ወፍ የምትደበቀው ጥቅጥቅ ባለና ሥሩ ውሃ በያዘ ሣር ውስጥ ነው።

ጥቂት ከብት ማሰማራት ሣሩን እያበላለጠ ስለሚያስቀር ይጠቅማል፤ ወፎች ጎጆ በሚሠሩባቸው ወራት ግን ከብቶቹ እንቁላል እንዳይረግጡ ከጨፌው ይውጡ። በእነዚሁ ወራት ጎብኚ ከመንገዱ አይውጣ፣ ውሻም አይግባ። ቁጥቋጦና መጤ ዕፅዋት ገና ለጋ ሳሉ ከነሥራቸው ይነቀሉ።

የወፍ ቆጠራው ከዚህ በኋላ ይጀመር። በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንትና ሰዓት፣ በአንድ መንገድ እየተጓዙ ይቁጠሩ፤ ውጤቱንም ከውሃው ልክ ጎን በአንድ መዝገብ ይጻፉ።