የጤና ሪፖርትን ከጎንደር ወደ ዲኤችአይኤስ2 በኤፒአይ ሲጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወር ሪፖርትን ከኤክሴል ወደ ዲኤችአይኤስ2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሲስተም) በእጅ መገልበጥ የሰለቸው የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ባለሙያ አንድ ቀን ኤፒአዩን፣ ማለትም ፕሮግራም ዳታን በቀጥታ ወደ ሲስተሙ የሚልክበትን መንገድ፣ መሞከሩ አይቀርም። ሥራው ከባድ አይደለም። አስቸጋሪው፣ ዳታው ሳይገባ ገባ የሚያሰኙ ስህተቶች መኖራቸው ነው። በቀይ ጽሑፍ የሚጮኽ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

200ን አይቶ ሥራው አለቀ ማለት

ሰርቨሩ 200 የሚለውን የ«ተሳካ» ኮድ መለሰ ማለት ጥያቄውን ተቀብሎ አስተናገደ ማለት እንጂ እያንዳንዱን ቁጥር መዘገበ ማለት አይደለም። መልሱን እስከ ታች ያንብቡት። አራት ቆጠራዎች አሉበት፦ አዲስ የገቡ፣ የታደሱ፣ የተዘለሉና የተሰረዙ። 240 ቁጥር ልከው የገባውና የታደሰው ተደምሮ 231 ከመጣ፣ ዘጠኙ የት እንደቀሩ ሳያጣሩ ፋይሉን አይዝጉት።

አድራሻው ላይም ወጥመድ አለ። ኤችቲቲፒኤስ ማለት ሲገባው «ኤስ»ን የዘለለ ሰው፣ ሰርቨሩ ወደ ትክክለኛው አድራሻ ያዞረዋል። በዚህ መሐል ብዙ መሣሪያዎች ፖስት (የመላኪያ) የነበረውን ጥያቄ ወደ ጌት (የማንበቢያ) ስለሚለውጡት ዳታው መንገድ ላይ ይቀራል። የመጣው መልስ ጄሰን (ኤፒአዩ የሚጠቀምበት የዳታ አጻጻፍ) ሳይሆን ድረ ገጽ ከመሰለ የተመለሰልዎት የመግቢያ ገጹ ሊሆን ይችላል፤ እሱም 200 ይዞ ነው የሚመጣው።

ወሩን ከኮምፒውተሩ ቀን መውሰድ

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 የተሠራውን ይይዛል፤ ጳጉሜም ነሐሴ 21 በሚጀምረው የመስከረም ሪፖርት ውስጥ ትጠቃለላለች። ፕሮግራሙ ወሩን ከምዝገባው ቀን ብቻ ካወጣው፣ ጥቅምት 23 የታየ ታካሚ በኅዳር መቆጠር ሲገባው በጥቅምት ይቆጠራል።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። 201702 የሚለው ኮድ በእኛ ጥቅምት 2017 ነው፣ በፈረንጆቹ ደግሞ ፌብሩዋሪ 2017። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። ኮዱ በሁለቱም አቆጣጠር ትክክል ስለሆነ ስህተቱን ሰርቨሩ ሊያውቀው አይችልም። ከመገመት ይልቅ እንዲህ ያድርጉ፦ ለአንድ ጤና ጣቢያ፣ ለአንድ ወር፣ አንድ ቁጥር በተለመደው የመሙያ ገጽ በእጅ ያስገቡ። ያንኑ ቁጥር በኤፒአይ መልሰው ያንብቡና ወሩ እንዴት እንደተጻፈ ይዩ። ፕሮግራምዎም ልክ እንደዚያው ይጻፈው።

በስም ማዛመድ

«ጎንደር» እና «ጐንደር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው ፊደል ሌላ ነው። «ፀ»ና «ጸ»፣ «ሀ»ና «ሐ» እንዲሁ። አንዱ «ቆላ ድባ» ብሎ ለይቶ፣ ሌላው «ቆላድባ» ብሎ ገጥሞ ይጽፋል። ስለዚህ በስም ሳይሆን ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ተቋም በሰጠው 11 ፊደልና ቁጥር ባለው መለያ ያዛምዱ። መለያው ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያል፤ የኤክሴሉ ቪሉክአፕ (ፈልጎ የሚያዛምደው ቀመር) ግን አይለይም፣ በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ሁለት መለያዎች ቢገጥሙት የመጀመሪያውን ይዞ ይመጣል።

ፋይሉን ሲኤስቪ ሲያደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጡ ግዕዙ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። የመልእክቱን መጠን በራስዎ ኮድ የሚያሰሉ ከሆነም ፊደል ሳይሆን ባይት ይቁጠሩ፦ «ጎንደር» አራት ፊደል፣ 12 ባይት ነው። አሳንሰው ከጻፉት ጄሰኑ ጫፉ ተቆርጦ ይደርሳል።

401ን እና 403ን ማደባለቅ

401 «ማን እንደሆንክ አላውቅም» ነው፤ 403 «አውቅሃለሁ፣ ግን አልተፈቀደልህም»። ከዲኤችአይኤስ2 እትም 2.38 ጀምሮ ያለውን የግል ቶከን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያገለግል ቁልፍ) የሚጠቀሙ ከሆነ ከፊቱ የሚጻፈው «ኤፒአይቶከን» የሚለው ቃል ነው፤ ከሌላ ሲስተም የለመዱትን «ቤረር» ቢጽፉ አይሠራም። ቶከኑ ሲፈጠር ለጌት ብቻ ተፈቅዶ ከሆነ ማንበብ ይችላሉ፣ መጫን አይችሉም። በአይፒ አድራሻ ከታሰረ ደግሞ ሞደሙ ተነሥቶ አዲስ አይፒ ሲይዝ ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ይላል።

የኮምፒውተሩ ባትሪ ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደም የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ልክ እንዳልሆነ ይነገርዎታል። ቀኑን ያስተካክሉ እንጂ ማረጋገጫውን አያጥፉ።

መብራት ሲጠፋ ሁሉንም እንደገና መላክ

ድምር ቁጥሮችን ደግሞ መላክ አይጎዳም፤ ተቋሙ፣ ወሩና የመረጃው ዓይነት አንድ እስከሆኑ ድረስ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። የእያንዳንዱ ታካሚ ክንውን ግን ሌላ ነገር ነው። መለያ ሳይሰጡ ከላኩት በተላከ ቁጥር አዲስ ይፈጠራል፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መለያዎቹን አስቀድመው ከሰርቨሩ ይጠይቁና ከመዝገቡ ጋር ያስቀምጡ። የአዘዞ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ሄዶ የማራኪው ላይ ቢቋረጥ ከየት እንደሚቀጥሉ እንዲታወቅ፣ በተቋም ከፍለው ይላኩ፣ የእያንዳንዱንም መልስ በፋይል ያስቀሩ።

ባዶን ዜሮ ማድረግ

ባዶ ሕዋስ «አልተዘገበም» ነው፣ ዜሮ «አልነበረም»። በተቃራኒው ደግሞ ዜሮ እንዲቀመጥለት ያልተደረገ የመረጃ ዓይነት ዜሮ ቢላክለት አይመዘግበውም፤ የተዘለሉት ቁጥር ከበዛ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በንጹሕ ዳታ ብቻ መፈተሽ

ሳይመዘግብ የሚፈትሽ «ድራይ ረን» የሚባል አማራጭ አለ። አጻጻፉ ላይ አንድ ፊደል ከተዛባ ግን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፣ ሙከራው እውነተኛ ጭነት ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ መስመር ይሞክሩትና ገጹ ላይ አለመመዝገቡን ይመልከቱ። ከዚያ ሆን ብለው ያበላሹ፦ የሌለ መለያ፣ ገና ያልደረሰ ወር፣ በቁጥር ቦታ «አስር» የሚል ቃል። ሦስቱም ተለይተው መመለስ አለባቸው። ለልምምድ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የዲኤችአይኤስ2 ማሳያ ሰርቨር መጠቀም ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉን ማንም ስለሚያውቀው የእውነተኛ ታካሚ ስም ግን እዚያ አይገባም።