ቻርልስ ብሮንሰንን ከየት ጀምሮ ማየት ይሻላል?

አሜሪካዊውን የፊልም ተዋናይ ብሮንሰንን ያበላሸብኝ አጎቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ የነበረው የቪዲዮ ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ ከ«ዴዝ ዊሽ» የኋላኛ ክፍሎች አንዱ። ሰውየው ይሄዳል፣ ይተኩሳል፣ እንደገና ይሄዳል። «ጋሼ፣ ይሄ ተዋናይ ነው ወይስ ግድግዳ?» አልኩት። ተቆጣ። «ዝም ማለት ቀላል መሰለህ?» አለኝ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ሥራዎቹን ከሥር ጀምሬ ሳያቸው ነው አጎቴ ልክ እንደነበር የገባኝ። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነበር። እናንተ እንደኔ ከጅራቱ እንዳትጀምሩ መንገዱን ላሳያችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ለታሪኩ ስጡ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በ1921 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኤረንፌልድ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ የሊትዌኒያ ስደተኞች ናቸው፤ የቤተሰብ ስሙም ቡቺንስኪ። ልጆቹ ብዙ፣ ቤቱ ባዶ። ልብስ ጠፍቶ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ ትምህርት ቤት እንደሄደ ራሱ ተናግሯል። አባቱ ገና ልጅ እያለ ሞተበትና ማዕድን ጉድጓድ ገባ። ክፍያው ለአንድ ቶን ከሰል አንድ ዶላር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቢ-29 አውሮፕላን ላይ ተኳሽ ነበር፤ ቆስሎም ሜዳሊያ አግኝቷል። ከጦርነቱ በኋላ ለቲያትር ቤት የመድረክ ገጽታ ሲቀባ ቆየና ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ሄዶ ትወና ተማረ። ከዚህ ሁሉ ጉድጓዱን አትርሱት። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የ1953ቱን «ሃውስ ኦፍ ዋክስ» ክፈቱ። ዋናው ሰው ቪንሰንት ፕራይስ ነው። ብሮንሰን ኢጎር የሚባል መናገር የማይችል ረዳት ሆኖ ይሠራል። አንዲት ቃል የለችውም፤ አንገቱንና እጁን ብቻ ይዞ ነው የሚተውነው። ስሙም ገና ቡቺንስኪ ነው። በዓመቱ ብሮንሰን ሆነ። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት የሚታደንበት ስለነበር የምሥራቅ አውሮፓ ሽታ ያለው ስም እንጀራ ያሳጣ ነበር።

ቀጥሎ ቴሌቪዥን። ከ1958 እስከ 1960 «ማን ዊዝ ኤ ካሜራ» ላይ ማይክ ኮቫክ የሚባል ፎቶ አንሺ ሆኖ መሪ ተዋናይ ነበር። እሱን ብትዘሉት አልቀየማችሁም። በ1961 የወጣውን የ«ትዋይላይት ዞን» ክፍል ግን እንዳትዘሉት። ርዕሱ «ቱ» ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የሁለት ጠላት ጦር ወታደሮች፣ እሱና ኤልዛቤት ሞንጎመሪ፣ ሰው ባለቀበት ከተማ ይገናኛሉ። የሚገርመው ነገር እዚህ ለፍላፊው ብሮንሰን ነው! እሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች። ሰውየው መናገር ሲፈልግ መናገር እንደሚችል በጊዜ እወቁ። በኋላ ዝም ሲል መርጦ መሆኑ ይገባችኋል።

ከዚያ የ1960ውን «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» እዩ። ብሮንሰን ኦራይሊ ነው። ሊቀጥሩት ሲመጡ እንጨት ይፈልጣል፤ ለቁርሱ ሲል። በደህናው ጊዜ በመቶዎች ዶላር የሚከፈለው ተኳሽ ነው፤ አሁን ሃያ ዶላር ሲሉት ብዙ ነው ይላል። ብዙ ተዋናይ እዚህ ጋ ምስኪን ለመምሰል ፊቱን ያኮማትር ነበር። እሱ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። በ1963ቱ «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» ዳኒ የሚባል ፖላንዳዊ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ይሠራል። የዋሻ ቆፋሪዎቹ ንጉሥ ነው። አሥራ ሰባት ዋሻ ቆፍሯል። ቁፋሮው ላይ አፈር ይናድበታል፣ እየጎተቱ ያወጡታል፣ ተመልሶ ይገባል። አንድ ቀን ግን ለጓደኛው ለዊሊ ምስጢሩን ያወጣል፦ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠባብ ቦታ ያስፈራዋል። አሥራ ሰባቱንም የቆፈረው እየፈራ ነው።

እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሙት። ወደ ኋላ መልሱና ድምፁን ዘግታችሁ እንደገና እዩት። እኔ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አይጮህም፣ እጁን አያወናጭፍም። ያ ሁሉ ጡንቻ ያለው ሰው ትንሽ ሆኖ ይታያል። የከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠራ ልጅ ነው፤ ፍርሃቱ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ድምፅ የመዝጋቱ ነገር ለሌሎቹም ፊልሞቹ ይሠራል። እንዲያውም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜው ሆሊውድ ሁልጊዜ ከጎን ነው ያቆመው። ያነሳው አውሮፓ ነው። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሌዎኔ ቀደም ብሎ ጠይቆት እንቢ ብሎት ነበር፤ በ1968 ግን «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት»ን አብረው ሠሩ። ይህን ስታዩ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሦስት ታጣቂዎች ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንዱን ዝንብ ታስቸግረዋለች። የሌላው ባርኔጣ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ባቡሩ መጥቶ ይሄዳል፤ ማንም የወረደ አይመስልም። ከዚያ የአፍ ሃርሞኒካ ድምፅ። የሚጫወተው ሰው ስሙ እስከ መጨረሻ አይነገርም። ካሜራው ዓይኑ ድረስ ሲጠጋ ቆዳው የተሰነጠቀ መሬት ይመስላል። ጣሊያኖች «ኢል ብሩቶ» ይሉት ነበር፣ አስቀያሚው ማለታቸው ነው። በፍቅር ነው።

የኔ ምርጥ ግን የ1975ቱ «ሃርድ ታይምስ» ነው። ዋልተር ሂል ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያ ፊልም ነው። በኢኮኖሚ ውድቀቱ ዘመን ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በባዶ እጁ እየተደባደበ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ነው። ጀምስ ኮበርን ያወራል፣ ያወራል፤ ብሮንሰን ያዳምጣል። ሲያዳምጥ እዩት። ዕድሜው 53 ነው፤ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን አታምኑም።

«ዴዝ ዊሽ»ን አሁን ክፈቱ። የ1974ቱን፣ የመጀመሪያውን። ሚስቱ የተገደለችበት አርክቴክት ነው። የመጀመሪያውን ሰው ገድሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል። አጎቴ ካሴት ላይ ይሄ የለም። ከ1982 እስከ 1994 አራት ተከታይ ወጥቷል፤ በውስጣቸው ሰው ከሚያስመልሰው ይልቅ ጥይት የሚቆጥረው ይበዛል።

መዝጊያችሁ «ዘ ኢንዲያን ራነር» ይሁን፣ የ1991። ዳይሬክተሩ ሾን ፔን ነው። ብሮንሰን ሚስቱ የሞተችበት አባት ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይታያል። በብዙ ፊልሞች አብራው የሠራችው የገዛ ሚስቱ ጂል አየርላንድ በ1990 በካንሰር ሞታለች። እዚህ ድምፁን አትዝጉት።

ከዚያ ወዲህ «ፋሚሊ ኦፍ ኮፕስ» የሚሉ ሦስት የቴሌቪዥን ፊልሞች ሠራ፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያያቸው ዓይነት ናቸው። በ2003፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። የአጎቴ ካሴት አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል።