ድመቴ ምን ነካት? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ብዙ ጊዜ የምጠራው ላም፣ በግ ወይም በቅሎ ለማየት ነው። ሥራው አልቆ ቡና ሲቀርብ ግን የቤቱ እመቤት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና ‹‹እንዲያው ስለ ድመታችን አንድ ነገር ልጠይቅህ…›› ትላለች። እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። ድመታችሁ በደንብ ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ንጹሕ ነው ብዬ ልነሳ። ካልሆነ ይህን ማንበብ ትታችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች

ጂን አይደለም፣ አይጥ ነው። የእኛ ጆሮ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያበቃል፤ የድመት ከ60 ያልፋል። የአይጥ ግልገሎች በዚያ ቀጭን ድምፅ ነው የሚንጫጩት። የጭቃውን ግድግዳ ስንጥቅ ድፈኑ፣ ኮርኒሱን እዩ። የአይጥ መርዝ ግን አትበትኑ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራው ልትሄድ ትችላለች።

ስኒውን ከረከቦት ላይ ትጥላለች

ስትጥል ቤቱ በሙሉ ጮኾ ዞሮ ያያታል። የፈለገችውም ይህንኑ ነው። ቡናው ከመቅረቡ በፊት ጨርቅ በክር አስራችሁ አጫውቷት፣ ስትጥል ደግሞ ዝም በሏት። ከጨዋታው በኋላ ክሩን አንሱት። ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጠዋል።

ካልሲ አሽትቶ አፉን ከፍቶ ይቀራል

ጤነኛ ነው። ላንቃው ላይ ሽታ የሚለይበት ሌላ አካል አለው፤ ሽታውን ወደዚያ እየሳበ ነው። ካልሲውን እጠቡ።

ሆዴ ላይ ወጥታ በእግሮቿ ታሻለች

ግልገል ሳለች የእናቷን ጡት እንዲህ እየገፋች ነበር ወተት የምታወርደው። ተመችቷታል ማለት ነው። ጥፍሯ ካስቸገራችሁ ወፈር ያለ ጋቢ ጣል አድርጉ።

ሌሊት እንደ ሕፃን ታለቅሳለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች

ሆዷን አሟት አይደለም፣ ወንድ ፈልጋ ነው። ቀኑ በክረምት በጣም በሚያጥርባቸው አገሮች ሴት ድመት የተወሰኑ ወራት ታርፋለች። ጅማ ከምድር ወገብ ያለችው 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ የቀኑ ርዝመት እምብዛም አይለወጥም፤ ዕረፍት የለም። ካልተጠቃች በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ትመለስበታለች። ከተጠቃች ደግሞ በሁለት ወር ገደማ ግልገሎቹን ትቆጥራላችሁ። መፍትሄው ማምከን ነው። እግሯን ማሰር፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ የሰው ማስታገሻ መስጠት መፍትሄ አይደለም። ሦስቱንም ሲደረግ አይቻለሁ።

የሽንቱ ጉዳይ

የምጠየቀው ነገር አብዛኛው ይኸው ነው። አልጋ ላይ ሸናብን። ጆንያ ላይ ሸናብን። መስገጃ ላይ ሸናብን። ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ‹‹ቂም ይዞብን ነው።›› አይደለም። ትናንት የመታችሁትን አስቦ ዛሬ በፍራሽ የሚበቀል ድመት የለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ። ሲሸና ቆሞ ነው ወይስ ቁጢጥ ብሎ? ይህን ሳያዩ የሚደውሉልኝ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈታተኑታል። መልሱ እኮ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ቆሞ ከሆነ እንዲህ ነው። ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል፣ ጭራውን ቀጥ ያደርጋል፣ የጭራው ጫፍ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ትንሽ ሽንት ወደ ኋላ ይረጫል። ፊኛው ሞልቶበት አይደለም። ለሌላ ድመት ‹‹እዚህ እኔ አለሁ›› እያለ ነው። ሴቶችም የተኮላሹ ወንዶችም አልፎ አልፎ ያደርጉታል፤ ዋናው ተጠርጣሪ ግን ያልተኮላሸ ወንድ ነው።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ አንድ ሐጂ አሉ፣ የቡና ነጋዴ። መጋዘናቸውን አይጥ ሲያስቸግራቸው ወንድ ድመት አስገቡ። አይጡ ቀነሰ፣ ጆንያው ግን መሽተት ጀመረ። ሽታው የአይጥ ነው፣ ድመቱ ሰንፏል ብለው ሁለተኛ ወንድ ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ መቆም እንኳ ዓይን ያስለቅስ ነበር። ሁለቱ ጎረምሶች አይጡን ረስተው ጆንያ በጆንያ ድንበር ያካልላሉ። ‹‹ሐጂ፣ እርስዎ ያስገቡት ድመት ሳይሆን የመሬት ክርክር ነው›› አልኳቸው። ሳቁ። ቡናው ግን አያስቅም። ያልተቆላ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል፤ ናፍጣም ሆነ ሽንት አይመርጥም። ቀማሽ ፊት ሲቀርብ ይጋለጣል። የተረጨበትን ጆንያ ለይታችሁ አውጡ እንጂ ‹‹ትንሽ ናት›› ብላችሁ ከጤነኛው ጋር አትቀላቅሉ።

‹‹በምን አጠባችሁት?›› ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በረኪና! እባካችሁ፣ በረኪናውን ተዉት። ብዙ ድመቶች ሽታው ይስባቸዋል፣ ተመልሰው እዚያው ላይ ይረጫሉ። እናንተም ትጨምራላችሁ፣ እሱም ይጨምራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሽንት ውስጥ አሞኒያ መኖሩ ነው። በረኪና ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል፣ ሕፃን በተኛበት ቤት ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። አበባ አበባ የሚሸተው ማጽጃም ለእናንተ አፍንጫ እንጂ ለእሱ አይሠራም። ከሥር ያለው ሽንት እንዳለ ነው።

ትክክለኛው አጠባብ ይህ ነው። እርጥብ ከሆነ በጨርቅ ምጠጡት፣ አትሹት። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃና በልብስ ማጠቢያ ዱቄት እጠቡ። ፓኬቱ ላይ ኢንዛይም አለው የሚል ከተገኘ እሱ ይመረጣል፣ ሽንቱን የሚሰባብረው ኢንዛይሙ ነውና። በደንብ አለቅልቁ። ከዚያ አቼቶ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ደምድሙበት። ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ላይ ላዩን መጥረግ ጊዜ ማባከን ነው። ሽንቱ የወረደበት ድረስ ውኃው መውረድ አለበት። ጨምቃችሁ አውጡና ፀሐይ ላይ አቁሙት። በክረምት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያልደረቀ ፍራሽ ላይ ግን አንሶላ አታንጥፉ።

የድሮውን ቦታ ለማግኘት ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ተዋሱ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ግድግዳውንና ጆንያውን ስታበሩበት የደረቀው ሽንት ያበራል። ሐጂ መጋዘናቸውን በዚህ ሲያዩ ‹‹ሱብሃነላህ›› ብለው ተቀመጡ።

እጥበቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ድመቱ መኮላሸት አለበት። አምስት ስድስት ወር ገደማ፣ መርጨት ልማድ ሳይሆንበት ቢሆን ይመረጣል። አብዛኞቹ ያቆማሉ፤ ግን በማግስቱ አይደለም። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ‹‹አልሠራም›› ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ።

ማን ያኮላሸው? ይህ ላይ እቆጣለሁ። በሬ የሚያኮላሽ ሰው ጠርተው ድመትን በጆንያ ጠቅልለው በምላጭ ያስቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ። ያለ ማደንዘዣ! ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ውስጥ ነን እኮ። ጠይቁ፣ ሐኪም ይሥራው።

አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ መንከርም ተዉ። ከዚያ የሚማረው እናንተን መሸሽ ብቻ ነው።

ቁጢጥ ብላ ከሆነ

ይህ መርጨት ሳይሆን መሽናት ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። በአብዛኛው ጥፋቱ የመሸኛዋ ሳህን ነው። አመድ ሞልተውበት ያገኘሁት ስንት ቤት ነው! አመድ ሲርስ መዳፏን ያቃጥላል፤ እናንተስ ብትሆኑ ትገቡበታላችሁ? አሸዋ ይሻላል። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ደግሞ እዚህ ከተማ ሰጋቱራ አይቸግርም። በርጩማና ወንበር የሚሠሩት ቤቶች ጋ ጆንያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደስ ብሏቸው ይሰጧችኋል። ቫርኒሽ የነካው እንዳይሆን ብቻ እዩ። በየቀኑ ጥረጉ። ከምግቧ አርቁት። ሁለት ድመት ካላችሁ ሦስት ሳህን ይኑር። እርጉዝ ሴት ሳህኑን አትጥረግ። ድመት የምታስተላልፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ፅንስ ይጎዳል።

ሜዳ ወጥታ የምትሸና ድመት ክረምት ሲገባ ወደ ቤት የምታዞረውም ለዚሁ ነው። ጓሮው ጭቃ ሆኗል፣ መጫር አልቻለችም። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ ደረቅና ልቅ ነገር በየጓሮው ይሰጣል፦ ጀንፈል! አንዲት እናት ሸራ ላይ ያሰጡትን ቡና ድመቷ በጥንቃቄ ጭራ፣ ሸንታ፣ መልሳ ስትሸፍነው አይተው ‹‹እንዲያውም ንጽሕናዋ!›› ብለው አድንቀው ነበር፣ ቡና መሆኑ ትዝ እስኪላቸው። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቁ። ለቡናውም የሚሻለው እሱ ነው።

አሁን የምለውን ግን አትዝለሉት። ወንድ ድመት ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ፣ እያማጠ፣ እየጮኸ ጠብታ እንኳ ካልወጣው የሽንት ቱቦው ተዘግቷል። ‹‹ሆድ ድርቀት ነው›› ብለው ዘይት ያጠጡት ሰዎች አሉ። ካልታከመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሩ።

የቀሩት

ወተት ጠጥታ ካስቀመጣት ወተቱን አቁሙ፤ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም። ወጥ ጠርጋ ከበላች በኋላ ድዷ ከነጣና ከደከመች ሽንኩርቱ ነው። የቀይ ደም ሕዋሷን ያፈርሳል፣ ሐኪም ያስፈልጋታል። ቁንጫ ካለባት የከብት መዥገር መድኃኒት አትርጩባት፤ ልሳ ትመረዛለች። ፓራሲታሞል በፍጹም፣ ሩቡም ቢሆን። ከወትሮዋ ተለውጣ ያለ ምክንያት ሰው ከነከሰች ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል።