ባቲ ለሰኞ ገበያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው

ባቲን ማየት የሚፈልግ ሰው ሰኞን ይምረጥ። በሌላው ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚያልፍ መኪና ለምሳ የሚቆምባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሰኞ ግን ደጋው ይወርድባታል፣ በረሃው ይወጣባታል፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። የደጋው ሰው እህሉን ይዞ ፍየልና ግመል ይፈልጋል፣ የቆላው ሰው ከብቱን ነድቶ እህል ይፈልጋል። ገበያውን አቁሞ የያዘው ይኸው ነው።

አስቀድመው አንድ ነገር ይወስኑ፦ የሚሄዱት ለማየት ነው ወይስ ፍየል ለመግዛት? ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆኑም። ፍየል የገዛ ሰው ገመድ ጨብጦ በፀሐይ ሲዞር እንስሳው ይደክማል፣ ሌላ ዕቃም ተረጋግቶ አይመርጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ ለማየት ብቻ ይሂዱ፤ የከብት ተራው ዋጋ ምን እንደሚመስል ሰምተው ይመለሱና በሚቀጥለው ሰኞ ገንዘብ ይዘው ይውረዱ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ሚኒባስ አይጠፋም፤ ኮምቦልቻ ላይ ወርደው ገርባንና ደጋንን አልፎ የሚሄደውን የባቲ መኪና ይይዛሉ። መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀውን ጨምረው ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዙለት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከደሴ የተነሳ 3 ሰዓት ላይ ባቲ ነው፤ ደህና ሰዓት ነው። በክረምት ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ባለው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ስለሚተኛ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፣ ሹፌሩንም አያጣድፉት። ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይዘው «ሰኞ ገበያ» ካሉ በዚያ ስም ወደሚጠራው የከተማው ሰፈር ይዟችሁ ይሄዳል፤ «መናኸሪያ» ይበሉት። ከዋዜማው ደግሞ የባቲ መስመር ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባቲ 1,500። አንድ ሺህ ሜትር ሙሉ ይወርዳሉ ማለት ነው፤ ሙቀቱም ቢያንስ በስድስት ዲግሪ ይጨምራል። ጠዋት ያስፈለገው ጃኬት 4 ሰዓት ላይ ሸክም ስለሚሆን ከውስጥ ስስ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ኮፍያ ወይም ነጠላ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ አቧራ የማያስገባ ሽፍን ጫማ ይያዙ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ባቲ ካደሩ ያለ አጎበር አይተኙ፤ ከተመለሱ ከሳምንትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ከያዘዎት ጤና ጣቢያ ሄደው «ቆላ ወርጄ ነበር» ብለው ይናገሩ። ይህን ያልሰማ ሐኪም ደሴ ላይ መጀመሪያ ጉንፋን ሊጠረጥር ይችላል።

ገንዘቡ ጥሬ ይሁን፣ ዝርዝርም ይብዛ። ከገጠር የመጣ ሻጭ ለአንድ ጣሳ ማሽላ የሚመልሰው ዝርዝር ላይኖረው ይችላል፣ የስልክ ክፍያም ሁሉም አይቀበልም። የፍየሉን ብር ለብቻው ከውስጥ ኪስ ያድርጉ፤ በሰው ፊት ከጠቅላላው ብር ላይ መቁጠር ሌባም ይጠራል፣ ዋጋም ያስወድዳል።

አማርኛ ያግባባዎታል፤ ቢሆንም አካባቢው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነውና ጥቂት ቃል ይያዙ። «ሜቃ?» ስንት ነው ማለት ነው፤ «ዲባ» መቶ፣ «ኩማ» ሺህ፣ «ገላቶማ» አመሰግናለሁ። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ ይቅደም፤ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ «አሰላሙ አለይኩም» ያሏቸው ሽማግሌ ፊታቸው ይፈታል። አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ እየተባባሉ አንዱ ሲናገር ሌላው በጥሞና ያደምጣል። በረሃ ላይ መንጋውን የሚመራው ይህ ወሬ ስለሆነ መሀል ገብተው ዋጋ አይጠይቁ፤ እስኪጨርሱ ይቁሙ። ፎቶም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ይጠይቁ፣ «አይሆንም» ካሉ ስልኩን ኪስዎ ይክተቱ። ሴቶችን ከሩቅ አጉልቶ ማንሳት ጠብ ያመጣል፣ ነውርም ነው።

እህል በጣሳና በቁና ሲሰፈር ጸብ የሚነሳው በቁልሉ ነው። ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት «ከነቁልሉ ነው በአፉ ልክ?» ብለው ይጠይቁ። ቅቤ ሲገዙ ላዩን አሽትተው አይለፉ፤ ባዕድ ነገር የሚደበቀው መሀል ላይ ስለሆነ ንጹሕ ስንጥር እስከ መሀሉ ሰክተው ያውጡና የወጣውን ያሽትቱ፣ በጣትዎም ይሹት። ጥሬ ጨው ካገኙ ለከብት ይሁን፤ ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ያዛል፣ ምክንያቱም እንቅርት ነው።

አሁን ፍየሉ። ከብት ተራው ከእህሉና ከሸቀጡ ገበያ የተለየ ሜዳ ነው፤ ለፍየል የሄደ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ይሂድ። ደላላ ቢመጣ ክፍያውን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሳይነጋገሩ ከኋላዎ የቆመ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ኮሚሽን ይላል።

የፍየል ዕድሜ በቀንድ አይታወቅም፤ አፉን ይክፈቱ። ከፊት ላይኛው ድዱ ጥርስ የለውም፣ የሚቆጠረው ታችኛው ነው። ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ ዓመት ያልሞላው ወይም ገና የሞላው ነው። ከመሀል ሁለት ትላልቅ ከወጡ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ፣ አራት ከሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስምንቱም ከተተኩ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ለአረፋ ኡድሒያ (መሥዋዕት) የሚገዛ ሰው ፍየሉ ዓመት መሙላት ስላለበት ሁለቱን ትላልቅ ጥርሶች ካየ አይጠራጠር፤ ዓይኑን፣ እግሩንና ጆሮውንም ያጣራ።

ከዚያ ወገቡን ይዳብሱ። ከጎድኑ ኋላ፣ ከዳሌው ፊት ያለውን አከርካሪ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ ሲያደርጉት አጥንቱ እንደ መጋዝ ከወጋዎት ከሲታ ነው፤ ሥጋ ሸፍኖት ጫፉ ብቻ ከተሰማዎት ደህና ነው። ሆዱን አይመኑ። ጨው አልሶ ውኃ የሚያጠጣ ሻጭ አለ፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ወገቡ ግን አይዋሽም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ ያድርጉ፦ ቀላ ያለ ከሆነ መልካም፣ እንደ ወረቀት ከነጣ ትል ደሙን ጨርሶታል። ከአገጩ ሥር ያበጠ፣ የሚያስል፣ ከጅራቱ ሥር የረጠበ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ሥጋው ስንት ይወጣዋል ለሚል፣ 25 ኪሎ የሚመዝን ፍየል ከነአጥንቱ 10 ወይም 11 ኪሎ ይሰጣል። በዚህ አስልተው ዋጋ ይጥሩ። የጠሩትን ዋጋ ሻጩ ከተቀበለ ወደ ኋላ ማለት አይቻልም፤ የማይከፍሉትን አይጥሩ። የሽያጭ ደረሰኝ ከተሰጠዎት እቤት እስኪደርሱ አይጣሉት፤ ኬላ ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ብዙ ፍየል የሚሞተው በመጫን ስሕተት ነው። አራት እግሩን አስሮ ፖርቶመጋላ ላይ በጎኑ ማጋደም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ሲተኛ የሆዱን አየር ማግሣት ስለማይችል ይነፋል፣ ሐረጎ ላይ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። የፊት እግሮቹን ብቻ አጥፈው አስረው በደረቱ ያስቀምጡት፣ ራሱም ከፍ ብሎ ይታሰር። ብዙ ሰው ከገዛ አዋጥቶ አይሱዙ መያዝ ይሻላል፤ ፍየሉ ጭነቱ ላይ ቆሞ ይሄዳል። ገበያ ላይ እህል አያብሉት። ደሴ እንደደረሰ ትንሽ ውኃና ደረቅ ሣር ይስጡት፤ ተርቧል ብሎ ገብስ መስፈር ሆዱን አኮምጥጦ በአንድ ሌሊት ይገድለዋል። የቆላ ፍየል የደሴን ሌሊት ስለማይችለው ነፋስ የማይገባበት፣ ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት ቦታ ይደር።

ለማየት ብቻ የሄደ ሰው 8 ሰዓት ላይ መኪና ተራ ይሁን። ከሩቅ የመጣው ገበያተኛ ቀድሞ ስለሚበተን ከዚያ በኋላ የሚታየው ይሳሳል፣ መኪናውም ይጣበባል። ምሳ ሲበሉ ሥጋው የእስላም ይሁን የክርስቲያን ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ወሎ ውስጥ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም። በረመዳን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ስለሚዘጋ ስንቅ ይያዙ፣ በጾመኛ ፊትም አይብሉ።

ፍየሉን ካረዱ በኋላ ሌጦውን በቢላ አይግፈፉ። በቆዳ ንግድ «ባቲ» የታወቀ የፍየል ሌጦ ስም ነው፤ ስሙን ያስገኘውም የቆላው ፍየል ነው። ሆዱ ላይ በቢላ ከቀደዱ በኋላ በጡጫ እየገፉ ይለዩት፤ አንዲት የቢላ ጭረት ዋጋውን ትጥላለች። በዚያው ቀን ለሰብሳቢ ካልሰጡት በሰዓታት ውስጥ የሥጋውን ወገን ወደ ላይ አድርገው አንድ ኪሎ ያህል ጨው እስከ ጠርዙ ያዳርሱትና ጥላ ላይ ዘርግተው ያኑሩት።