ራስ ዳሸንን እንዴት መውጣት ይቻላል? ወሩን፣ ሰዓቱንና ቁልቁለቱን ማወቅ

ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ከፍታ አለው። ገመድም ሆነ የተለየ የመውጫ ዕቃ አይጠይቅም። ብርቱ እግርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሰውን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ብርድ፣ ጉምና ችኮላ ነው።

በመጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባትሄዱ ይሻላል። ዝናቡ ከባድ ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ጫፍ ብትደርሱም ከጉም በቀር የምታዩት ላይኖር ይችላል። እኔ የምመርጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ነው። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አበባው አልረገፈም፣ ሰማዩም ጠርቷል። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርድና ጠዋት ድንኳኑ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጭጋግ ይበዛል፣ የበልግ ካፊያም አለ።

ልብስ ስትይዙ የጉዞው መነሻ የሆነችውን የደባርቅ ከተማን ሙቀት አትመኑ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከደባርቅ እስከ ጫፉ 1,700 ሜትር ያህል አለ። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስና የራስ ባትሪ ያዙ። ጋቢ ማታ እሳት ዳር ተወዳዳሪ የለውም። ጂንስ ግን እቤት ይቅር፤ ከረጠበ አይደርቅም።

ደባርቅ በሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ክፍያ ፈጽማችሁ ስካውት (የታጠቀ ጠባቂ)፣ አስጎብኚና በቅሎ ትይዛላችሁ። ከቤት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት አጣሩ።

መኪና እስከ ጨነቅ ካምፕ ይሄዳል። በቀጥታ እዚያ መድረስ ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። በመንገዱ ላይ ካሉት ካምፖች ሳንቃ በር አንድ ሌሊት፣ ግጭ ደግሞ ሌላ ሌሊት እደሩ። ሰውነት ስስ አየሩን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ጭላዳዎቹን በቅርብ የምታዩትም በዚሁ መንገድ ነው። ራስ ምታቱ እየባሰ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። ማንም ጎበዝ ነኝ ብሎ አይቀጥል።

ከጨነቅ በኋላ ያለው ቀን ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጠዋት ከ3,600 ሜትር ተነስታችሁ 4,200 ሜትር ገደማ ወዳለው የቧሂት መተላለፊያ ትወጣላችሁ። በመንገዱ ላይ ዋልያ ልታዩ ትችላላችሁ። ከመተላለፊያው ራስ ዳሸን ፊት ለፊት ይታያል። ቅርብ ይመስላል። በመካከል ግን የመሸሃ ሸለቆ አለ፤ ወንዙ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በላብ ያገኛችሁትን ከፍታ ሁሉ ጥላችሁ ትወርዳላችሁ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ ረጅምና ድንጋያማ ነው። ጉልበት የሚያልቀው እዚህ ነውና በትር ያዙ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ አትሩጡ። ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ውስጥ ፀሐዩ ይበረታል። ጠዋት በጓንት የጀመረ ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ ሸሚዝ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ልብሱን ደራርባችሁ ልበሱ፣ ውኃም አትቆጥቡ። ከወንዙ በኋላ ወደ አምቢቆ መንደር አቀበት አለ። አጭር ነው፣ ግን የቀኑ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይከብዳል። እዚያ በልታችሁ በጊዜ ተኙ።

ወደ ጫፉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። ምክንያቱ ጉሙ ነው፤ ሰማዩ ጠዋት ይጠራል፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደመናው ከሸለቆው ይነሳል። በሶና ቆሎ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ በዚያ ብርድ ሻንጣ መፍታት ያስጠላል። ጅብራ የተባለው ረጅም የደጋ ተክል የበዛበትን ሜዳ አልፋችሁ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ ቋጥኙ ሥር ትደርሳላችሁ። የመጨረሻዋ ክፍል አጭር ናት፤ በእጅም መያዝ ይጠይቃል። ድንጋዩ አመዳይ ካለበት ፀሐይ እስኪነካው ጠብቁ። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ጫፉ ይቅርና ወዲያው ውረዱ።

በዚያው ቀን አምቢቆ ተመልሳችሁ እደሩ። በማግሥቱ ከመሸሃ ወደ ቧሂት መተላለፊያ 1,400 ሜትር ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጉልበታችሁን ከተጠራጠራችሁ በቅሎውን ማታውኑ ተነጋገሩ።